ብቻቸውን የተተከሉት

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

ይህን ደብተር የገዛሁት ለላቦራቶሪ ነበር። ሁላችን ኢቡ፣ እመቤት፣ የምንላቸው አማካሪዬ ሱሊስትያ ገጹ ቁጥር የለውም ብለው መለሱብኝ። የላቦራቶሪ ደብተር ገጹ ተገንጥሎ እንዳይጠፋ ከአንድ ጀምሮ ይቆጠራል፤ እሳቸው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። እንግዲህ ይሄኛው የራሴ ይሁን።

ዛሬ አርባውን ችግኝ ቆጠርኩ። ሁሉም የሰንደል ችግኞች፣ ሁሉም ከአንድ እናት ዛፍ ዘር። ሃያዎቹ በየከረጢታቸው ከጎናቸው ቃሪያ ተተክሎላቸዋል። ሃያዎቹ ብቻቸውን ናቸው። ሰንደል መልከ መልካም ሌባ ነው። ከላይ ሲያዩት ራሱን የቻለ ዛፍ ይመስላል፤ ከመሬት በታች ግን ሥሩ የጎረቤቱን ሥር ፈልጎ ትንሽ እብጠት ይለጥፍበታል። መምጠጫ እንላታለን። በሷ የጎረቤቱን ውሃና ምግብ ይጠባል።

መምጠጫዋን «ውጪ» ብሎ የሚያዛት ዘረ መል የትኛው ነው? ሥራዬ ይሄ ነው። አንዱን ጠርጥሬዋለሁ፤ በዝርዝራችን ስምንተኛው ስለነበር ስምንተኛው እለዋለሁ። ጎረቤት ሲመጣ ብቻ የሚነቃ ከሆነ እሱ ነው ማለት ነው። ብቻቸውን ያሉት ሥሮች ውስጥ መተኛት አለበት።

ዲሴምበር 12 ጥናቴን መምህራን ፊት አቀርባለሁ። ዲሴምበር 31 ነፃ የትምህርት ዕድሌ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የተረፈ ቀን የለኝም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

የችግኝ ቤቱ ጠባቂ ኦም መልኪ፣ አጎት መልኪ እንደማለት፣ እንደኔ ከተራራችን ወደዚህ ወደ ኩፓንግ ከተማ የወረደ ነው፤ የእናቴን መንደር ያውቃል። እኔን ሲያይ የአገር ቋንቋ ያምረዋል፤ ወይዘሪት ለማለት ኖና ይለኛል። ዛሬ ሲሪህና ፒናንጉን፣ አፍ የሚያቀላውን ቅጠልና ፍሬ፣ እያኘከ ብቻቸውን ባሉት ፊት ቆሞ አገኘሁት።

«ኖና፣ እነዚህ ሃያዎቹ ምን በድለው ነው?»

«ምንም አልበደሉም ኦም። ማወዳደሪያ ናቸው።»

«ማወዳደሪያ!» ቀይ ምራቁን ወደ ቆርቆሮው ተፋ። «መንታ ወልደሽ፣ አንዱን አብልተሽ አንዱን ጦሙን አሳድረሽ፣ የትኛው ወፈረ ብለሽ ልትመዝኚ ነው?»

«ልክ እንደሱ።»

«ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይሄን ነው?»

ጌርሰን ከኋላዬ በሳቅ ሞተ። ጌርሰን ላቦራቶሪውን የሚጋራኝ የሮቴ ደሴት ልጅ ነው። የባሕር አረም ያጠናል፤ ምላሱ አርፎ አያውቅም። «ኦም፣ ተዋት፤ እሷ የእንጀራ እናት ሆና ነው የተፈጠረችው» አለው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

አራተኛ ሳምንት። ከየወገኑ አምስት አምስት ነቀልኩ። ሥር ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፣ መፍጨት። ፈጣን ካልሆንኩ ይበላሻል። ጀርባዬ ተቆረጠ።

ከብቻቸው ወገን ከሁለቱ ጋር ቀጭን ቀይ ሥር አብሮ ወጣ። ዘሩ ከተዘራበት መደብ የመጣ ትርፍራፊ ይሆናል። ባልዲው ውስጥ ጣልኩት። ኦም መልኪ ውሃ እያቀረበልኝ ነበር።

በላቦራቶሪው ደብተር፦ «ሥሮቹ ንጹሕ ናቸው።»

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

ነጭ! ሰባት ነጭ ነጠብጣብ!

ስምንተኛውን ከሰንደሉ ሥር ቀድቼ ባክቴሪያ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ባክቴሪያዋ ስትባዛ እሱንም ታባዛልኛለች። የተቀበለችው ነጭ ሆና ታድጋለች፣ ያልተቀበለችው ሰማያዊ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማያዊ ብቻ ሳይ ሰንብቼ ዛሬ ሳህኑን ብከፍተው ሰባት ነጭ። ጌርሰንን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። «ለባክቴሪያ እንዲህ ከሆንሽ ለባል እንዴት ልትሆኚ ነው?» አለኝ። ኢቡ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩና «ለቅደም ተከተል ንባብ ይላክ» ብቻ አሉ። ግን ፈገግ ብለዋል፤ አይቻለሁ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእማማ ደወልኩ። ዝናቡ ዘግይቷል፣ ማሳው ተቃጥሎ ተዘጋጅቷል፣ በቆሎ የሚዘራው ሰማይ ሲፈቅድ ነው። «ያን ዛፍ አሁንም ነው የምታጠኚው?» አለችኝ። አሁንም ነው አልኳት። «አባትሽ በሕይወት ቢኖር ይስቅ ነበር።»

የሚስቅ አይመስለኝም። በኛ አገር በግቢህ የበቀለ ሰንደል ያንተ አልነበረም። እንጨቱ በመዓዛው ውድ ነውና ድሮ የንጉሡ የራጃው ነበር፣ ኋላ የመንግሥት። ቆጣሪዎች ይመጡና ግንዱ ላይ በቀለም ቁጥር ይጽፉበታል። ከዚያ ወዲያ ቢደርቅም፣ ቢሰረቅም፣ ነፋስ ቢጥለውም ተጠያቂው ባለ ግቢው ነው። የአባዬን አንዱን ነፋስ ጣለው። አለመቁረጡን ለማሳየት ከነሥሩ በጎረቤት ጋሪ ጭኖ ሶኤ ከተማ ወሰደው። ግንዱን ተረከቡትና እሱን ዘጠኝ ቀን አሰሩት።

ሲመለስ በቤታችን ሕግ ወጣ። ሁለት ቅጠል ያወጣ ሰንደል ያየ ልጅ፣ ሦስተኛውን ሳያወጣ ይነቅላል፤ ነቅሎም ለማንም አያወራም። ያልበቀለ አይቆጠርም። ለአንድ ችግኝ ሽልማቱ አንድ ጥብስ በቆሎ ነበር። ከወንድሞቼ ሁሉ ዓይኔ የፈጠነ እኔ ነበርኩ። ስንት በቆሎ እንደበላሁ እንጃ። ተራራችን ላይ ዛሬ ሰንደል የለም ሲባል፣ ነጋዴ ጨረሰው ይላሉ ሰዎች፤ እኔም አብሬ እላለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ንባቡ መጣ። ፊደል በፊደል ልክ ነው፤ ስምንተኛው ሙሉ በሙሉ በእጃችን ገብቷል። ኢቡ እጄን ጨበጡኝ። እሳቸው እጅ አይጨብጡም።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ እምቢ አለ። ናሙናዎቹን በበረዶ ሣጥን ተሸክሜ እስከ ዓሣ ገበያው ማቀዝቀዣ ሮጥኩ። እዚያ ከቱና ጎን አስቀመጡልኝ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ጠረኑ ግን ከልብሴ አልለቀቀም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ስምንተኛ ሳምንት። እንደገና አምስት አምስት።

ብቻቸውን ያሉት አረንጓዴ ናቸው። እስከ አሁን መጠውለግ ነበረባቸው፤ ያነበብኩት ሁሉ እንደዚያ ይላል። ኦም መልኪን ጠየቅሁት። «የኩፓንግ አየር ይስማማቸዋል» አለኝ። ይሄ የኩፓንግ አየር ለማን ተስማምቶ ያውቃል?

ቀዩ ሥር በዚህኛው ዙር በአራቱ ነበር። በሁለቱ ላይ መምጠጫ መሳይ እብጠትም አየሁ። ሰንደል አንዳንዴ በገዛ ሥሩ ላይ ይለጥፋል ይባላል፤ እንደዚያው ጻፍኩ። ቀዩን አልጻፍኩም። አምስት ሰዓት ሙሉ አጎንብሼ ነበር፤ የደከመው ሰው ሁሉን ነገር አይጽፍም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ውጤት።

ስምንተኛው ብቻቸውን ባሉት ውስጥም ነቅቷል። በአራተኛው ሳምንት ጥቂት፣ በስምንተኛው ሳምንት ቃሪያ ካላቸው የማይተናነስ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ማሽኑ ያንኑ ይላል።

አለቀልኝ ብዬ ወረቀቱን ይዤ ኢቡ ቢሮ ገባሁ። ቁጭ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ዩብሊና፣ ይሄ ውድቀት አይደለም» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

የኢቡ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ሰንደል ጎረቤት እስኪመጣ አይጠብቅም። መምጠጫውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ተርቦ ሳይሆን ሊራብ እንደሚችል አውቆ። ይህን እስከ ዛሬ የተናገረ ማንም የለም። ዲሴምበር 3 ቦጎር ከተማ በሚካሄደው ጉባኤ ላይ ሊያቀርቡት ነው። ስሜ ከስማቸው ይቀድማል።

በኮሪደሩ ሳልፍ በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው። «ከኩፓንግ ነው እኮ! መብራት ከሌለው ላቦራቶሪ! ልጅቷ ወርቅ ናት።» አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሲኖሩ ድምፃቸው እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ባላቸው ጃቫ፣ ዮግያካርታ ከተማ ነው ያለው፤ ተመለሽ እያለ በየዓመቱ ይለምናቸዋል ይባላል። የሚያሳዩት ነገር አግኝተዋል።

ወርቅ ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ጌርሰን ሻይ ጋበዘኝ። ቀልዱን ትቶ ነበር የመጣው።

«ዩብ፣ አፈሩን አየሽው?»

«የምኑን አፈር?»

«የብቻቸውን። የተረፉት አሥሩ አሉ አይደል? አንዱን ከረጢት ቅደጂና እዪ። እኔ ብሆን አየዋለሁ።»

«አንተ የባሕር አረም ሰው ነህ፤ አፈር ምን ታውቃለህ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለኝና ሻዩን ጠጣ።

ተናድጄ ሄድኩ። ምን ማለቱ ነው? ቀናብኝ፤ የሱ የባሕር አረም ገና ሰማያዊ ላይ ነው። ነገ ከረጢቱን አየዋለሁ። ነገ የኢቡን ሥዕሎች ማዘጋጀት አለብኝ። በሳምንቱ ውስጥ አየዋለሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ሳላስበው በማለዳ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ አስቤበት ነው የሄድኩት።

ኦም መልኪ በብቻቸው መደርደሪያ ፊት ተንበርክኳል። በእጁ የጢም ምላጭ። ከሰንደሉ ግርጌ ብቅ ያለውን ቀይ የክሮኮት ቡቃያ ከአፈሩ ጋር እኩል አድርጎ እየላጨ በኪሱ ይከታል። በየሰኞው፣ እኔ እንዳላየው፣ ከመምጣቴ በፊት። ክሮኮት አረም ነው፤ አናቱ ቢቆረጥም ሥሩ አይሞትም። ሰንደሎቹ ከታች ሲጠቡት ከርመዋል።

«ኦም! ምን እየሠራህ ነው?»

አልደነገጠም። ምላጩን አጥፎ ተነሣ። «የልጆች ራስ እየላጨሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተተከሉ በሳምንታቸው ክሮኮቱን ተከልኩላቸው። ምን ላድርግ? በየቀኑ ውሃ የማጠጣ እኔ ነኝ፤ እያዩኝ ቢጫ ሲሆኑ እንዴት ልለፍ? ሰንደል ብቻውን አይበላም፣ ኖና። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? እሱማ የሚበላውም አጣ።»

«ጥናቴን ገደልከው እኮ!»

«ችግኞቹን አዳንኩ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እኔ በወጣትነቴ ነቃይ ነበርኩ። በሌሊት እየተነሣሁ፣ የገዛ አባቴን ግቢ፣ የወንድሜን ግቢ። ቁጥር የሚጽፉት ከመምጣታቸው በፊት። አሁን ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። መንግሥት ደሞዝ ከፍሎ ሰንደል አጠጣ ሲለኝ፣ እግዚአብሔር ዕዳዬን ያቀለለልኝ መስሎኝ ነበር። ደግሞ መጥታችሁ ግማሹን ግደል ትሉኛላችሁ?»

ጮኽኩበት። ምን ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ዕድሜው የአባቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ለኢቡ ነገርኳቸው። ጠባቂው ክሮኮት እየተከለ ነበር፤ ብቻቸውን የተባሉት ብቻቸውን አልነበሩም፤ ስምንተኛው የነቃው ጎረቤት ስላገኘ ነው። ኢቡ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ወደ ጥፍራቸው ብቻ ተመለከቱ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት።»

«በሚገባ መርምረሽ ነው የደረስሽበት?»

«በማለዳ ሄጄ ያዝኩት።»

«ጎበዝ» አሉኝ። ከዚያ ስልክ አነሡና የአስተዳደሩን ሰው ጠሩ። ኦም መልኪ እስከ ዓርብ ቁልፍ ያስረክባል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ቁልፉን ለኔ አስረከበኝ፤ ሌላ ተቀባይ አልነበረም። የፒናንጉን ቆርቆሮ በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አልተቀየምኩሽም። የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን?»

«የተስማማን መስሎኝ ነበር።»

«በምን?»

«ያን ቀን ሥር ስታጥቢ ውሃ አምጥቼልሽ አልነበረም? ቀዩን ከነጩ ለይተሽ አወጣሽው። አየሽው፤ ባልዲው ውስጥ ጣልሽው፤ ለማንም አላወራሽም። እኔ ቤት እንደዚያ ነበር የምናደርገው። የተራራ ልጅ ናት፣ ገብቷታል፣ ታዝናለች አልኩ። ለሚስቴም ነገርኳት፤ በስምሽ ጸለየች።»

ሄደ። እስከ በሩ ድረስ አልዞረም። እኔ ቁልፉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሴፕቴምበር 15። ኦክቶበር 13። ቀይ፣ ቀይ። አላወቅኩም ነበር ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሣሁ፤ ሁለት ጊዜ አነሣሁ። አንድ ሰው ያላወቀውን ነገር «አልጻፍኩም» ብሎ አይጽፍም። ክሮኮትን ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ፤ ለአሳማ ነበር የምናጭደው። ሥሩን አየሁ፣ ምን እንደሆነ አወቅኩ፣ እጄ ነቀለው፣ አፌ ዘጋ። እጄ የለመደው ነው። ያልበቀለ አይቆጠርም።

ሽማግሌው ያደረገውን ያደረገው ለችግኝ አዝኖ ነው። እኔ ለዲሴምበር 12 ብዬ ነው። የተባረረው እሱ ነው፣ ጎበዝ የተባልኩት እኔ።

ብናገር፦ የማቀርበው ጥናት የለም፣ ዕድሉ ያበቃል፣ በላቦራቶሪ ደብተር የዋሸች ተማሪ ማን ይወስዳታል? ዝም ብል፦ ኢቡ ራሳቸው የስድስት ወር ማራዘሚያ እንደሚጠይቁልኝ ነግረውኛል፤ ጥፋቱ የጠባቂው ነው፣ ወረቀቱም እንደዚያ ተጽፏል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አባዬም ዝም ብሎ ነበር የኖረው። ዝም ብሎም ሞተ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

ከትናንት ወዲያ እስከ ኢቡ ቢሮ በር ሄጄ ተመለስኩ። ትናንትም። ዛሬ ጌርሰን ክንዴን ይዞ አስገባኝና በሩን ከውጭ ዘጋው።

«ኢቡ፣ መቼ እንዳወቅኩ ጠይቀውኝ ነበር። ‹ትናንት› ብዬ የመለስኩት ውሸት ነው። በአራተኛው ሳምንት አይቼዋለሁ። በስምንተኛው ሳምንትም። ደብተሩ ላይ ንጹሕ ብዬ ጻፍኩ።»

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የሞተር ሳይክል ድምፅ ይገባል። «ለምን?» አሉ።

«ፈርቼ።»

«እኔን?»

«መጀመሪያ ቀኑን። በኋላ የእርስዎን ደስታ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም አረንጓዴነታቸውን አይቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ኦክቶበር ላይ በችግኝ ቤቱ አልፌአለሁ። ለምን አረንጓዴ ሆኑ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ መጠየቅ አልፈለግኩም።» ከዚያ የላቦራቶሪውን ደብተር ወደ እኔ ገፉት። «የተጻፈው አይሰረዝም። ከሥሩ ዛሬ ቀን ጻፊና እውነቱን አስፍሪ። ፈርሚ። እኔም እፈርማለሁ።»

ቦጎር አይሄዱም። ማራዘሚያውንም አይጠይቁልኝም፤ «ለዚህ ልጠይቅልሽ አልችልም» አሉኝ፣ እንባ በዓይናቸው ሞልቶ። ሙከራው እንደገና እንዲሠራ ግን ቦታው የኔ ነው። የምበላውን ራሴ እፈልጋለሁ።

ስወጣ ጌርሰን መሬት ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። «በሕይወት አለሽ?» አለኝ። ያለሁ ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ከኢቡ ጋር ካምፕሎንግ ሄድን፤ ኦም መልኪ ቤት። በመንገድ ላይ ሲሪህና ፒናንግ ገዛሁ። ይቅርታ ልትጠይቅ ባዶ እጅህን አትገባም፤ ፒናንጉ ሳይታኘክም ነገር አይነሣም። ኢቡ የጃቫ ሰው ናቸው፣ አፋቸው ቀምሶት አያውቅም። «ግዴታ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ። ግዴታ ነው አልኳቸው።

አኘኩ። ዓይናቸው አለቀሰ፣ ፊታቸው ቀላ፣ ሳል ያዛቸው። ሚስትየዋ ማማ ኦርፓ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። ኦም መልኪ ግን ከትከሻው ቀና አለ። ያኔ ኢቡ በቀላ አፋቸው፣ ባፓ፣ አባት፣ ብለው ጠርተውት ተናገሩ።

«ባፓ መልኪ፣ ሳልጠይቅዎት ፈረድኩብዎት። ይማሩኝ።»

እኔም የኔን አልኩ። ያየሁትን እንዳየሁ፣ እሱ ብቻውን እንዲወድቅ እንደተውኩት። እናቴ በአገር ቋንቋችን ስትጸጸት እንደምትለው አድርጌ አልኩት፤ ወደ ሌላ ቋንቋ አይገለበጥም።

ኦም መልኪ ረጅም ጊዜ አኘከ። «እኔም ያልተነገረኝን ሠርቻለሁ። አንድ ልጠይቅ፤ ብቻቸውን ሲተዉ ስንቱ ይሞታል?»

«ግማሹ ገደማ» አሉ ኢቡ።

«ለምን ይጠቅማል?»

«ምን እንደሚያኖራቸው ለማወቅ። ካወቅን ለገበሬ የምንሰጠው ችግኝ አይሞትበትም።»

«ታዲያ ይሄን መጀመሪያ ለምን አትሉኝም? ማወዳደሪያ አላችሁኝ፣ ማወዳደሪያ! እኔ ምን ላውቅ?» ቆርቆሮውን አነሣና አስቀመጠው። «እመለሳለሁ። ግን ብቻቸውን ያሉትን እኔ አላጠጣም። እጄን አላምነውም። ይቺ ታጠጣ። ሲሞቱም ይቺው ትይ። የተረፉት ደግሞ በመጨረሻ ጎረቤት ይሰጣቸው።»

ኢቡ እጃቸውን ዘረጉ። ተጨባበጡ። እሳቸው ሲመለሱ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ መስኮት ከፍተው ተፉ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 12

ዝናብ መጣ። ዛሬ ማቅረብ የነበረብኝ ቀን ነው። እማማ ደወለች፣ በቆሎው ተዘርቷል። «ጨረስሽ?» አለችኝ። «አልጨረስኩም እማማ፤ ውሸት ተገኝቶብኝ ነው» አልኳት። «ማን አገኘብሽ?» «እኔው ራሴ።» «እሱስ ደህና ነው» አለች፤ ግን ስታለቅስ ሰማኋት። ለመንደሩ ሁሉ በዚህ ዓመት ልጄ ትመረቃለች ብላ ነበር።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 5

አዲስ አርባ። አፈሩን በእሳት አሞቅነው፣ ሦስታችንም በወንፊት ነፋነው፤ ኦም መልኪ፣ ጌርሰንና እኔ። አንድም ቀይ የለም። ሃያው ከቃሪያ ጋር፣ ሃያው ብቻውን።

ጠዋት ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ከሰዓት እዚህ ነኝ። ደሞዙ ለሩዝና ለሞተር ታክሲ ይበቃል። ኢቡ ሰኞ ሰኞ መጥተው በላቦራቶሪው ደብተር ከፊርማዬ አጠገብ ይፈርማሉ። ስለ ኖቬምበር አናወራም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2

አራተኛ ሳምንት። ብቻቸውን ያሉት ቢጫ ናቸው። በየቀኑ ሳጠጣቸው ያየኋቸው ነኝ፤ ቢሆንም ዛሬ አንጀቴን በሉት። አሥራ ሰባተኛው ቅጠሉን ሁሉ አራግፏል።

ኦም መልኪ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። ኪሱ ውስጥ እጁ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ባዶውን አወጣው።

«ትንሽ ጎረቤት ብትሰጪው፣ አይነሣም?» አለኝ።

«ይነሣ ይሆናል ኦም።»

«አትሰጪውም።»

«አልሰጠውም።»

ነቅዬ አጠብኩት። ነጭ ሥር ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልወጣም። ሁሉንም ጥግ አየሁ። መዳፌ ላይ ዘርግቼ በብርሃን ወደ እሱ አዞርኩለት። ከበሩ አንገቱን አስግጎ ተመለከተው፣ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጻፊው» አለኝ።

«ምን ልበል?»

«ምን ሆነ? ሞተ። ሞተ በይ። ሌላ አትጨምሪበት።»

ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ሞተ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ አልጨመርኩበትም።